የተቆለፈ ቤት ቅርስ አይሆንም

ከባሕር ማዶ ተመልሶ በሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች የቅድመ አያቱን ቤት የሚያፈላልግ ወጣት ሲያጋጥመን ደስ ይለናል። ዘሩን የሚጠይቅ ትውልድ አልጠፋም ማለት ነውና። ነገር ግን ቤቱን አግኝቶ፣ ነደባው ላይ ተቀምጦ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ የሚሳፈር ከሆነ ምን አገኘ? ምንስ ወረሰ? እንዲህ ያለው ሰው ቤቱን ጎበኘው እንጂ አልወረሰውም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በግንብ የታጠረችው ጀጎል በ2006 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብ፣ 82 መስጊዶቿና 102 የቅዱሳን መካናቶቿ ብቻ አልነበሩም የተቆጠሩላት። ከቅርሶቿ ሁሉ እጅግ አስደናቂ ተብለው የተመሰገኑት መኖሪያ ቤቶቿ ናቸው። ዓለም ያደነቀው ቤተ መንግሥት ሳይሆን እናቶቻችን የወለዱበትን፣ አባቶቻችን ቁርኣን የቀሩበትን ቤት ነው!

ይህ ቤት የተሠራው ለሰው ነው። ነደባዎቹ ከፍና ዝቅ ብለው የተደለደሉት ታላቅና ታናሽ፣ እንግዳና ቤተኛ ቦታውን አውቆ እንዲቀመጥ ነው። የግድግዳው መስኮቶች ኪታብ ያኖራሉ፤ ግድግዳው የሴቶች እጅ የሰፋውን ስፌት ይሸከማል። የነደባው ቀይ ቀለም በ1887 (እ.ኤ.አ.) በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። አፎቻው የሚሰበሰበው፣ ሙሽራዋ የምትሸኘው፣ ሐዘንተኛው የሚጽናናው በዚሁ ነው። ሰው ከወጣበት ግን ነደባ የአፈር መደብ ነው።

ደግሞም የድንጋይና የጭቃ ቤት ባለቤት ይሻል። ከዝናብ በፊት ጣራውን የሚያይ፣ ግድግዳውን በኖራ የሚቀባ፣ የነቃውን የሚደፍን እጅ ከሌለው ውኃ ይገባዋል፤ የጣራው እንጨት ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ያብጥና ይናዳል። በሲሚንቶ ለስኖ መገላገልም መፍትሔ አይደለም። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ የጭቃውን ግድግዳ ያዳክመዋልና።

«ቤታችንን መንግሥት ወሰደብን» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከብዙ ቤተሰብ ትርፍ የተባለውን ቤት ወስዷል። ይህ በደል ሊዘነጋ አይገባም። ዛሬ በእጃችን ያለውን ቤት የሚያፈርሰው ግን አዋጁ ነውን? አይደለም! የሚያፈርሰው የወንድምና የእህት ኩርፊያ ነው። አንዱ ይሸጥ ይላል፤ ሌላው አይሸጥም ይላል፤ ሦስተኛው ውጭ አገር ሆኖ መልስ አይሰጥም። በዚህ መካከል ክረምቱ ማንንም ሳይጠብቅ ይገባል። ሸሪዓ ለወንዱም ለሴቷም ድርሻቸውን ለይቶ የሰጠው ሐቅ እንዳይጠፋ ነው፤ ቤቱ በክርክር እንዲፈርስ አይደለም።

«በአሮጌ ቤት ኑሩ ልትሉን ነው?» የሚሉም አሉ። ማንም ልጁን ውኃና መጸዳጃ በሌለበት አኑር አልተባለም። ውኃው በግቢው ይግባ፤ ማድቤቱም ይታደስ፤ ነደባውና ጣራው ግን ይቆይ። አባቶቻችንም ቢሆኑ ለውጥን አልጠሉም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሕንድ ነጋዴዎች የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ሲሠሩ፣ ሐረሪው ከራሱ አሠራር ጋር አዋሕዶ ተቀበለው እንጂ የራሱን አላፈረሰም።

መንገዱ ብዙ ነው። አቅም ያለው ወራሽ የሌሎቹን ድርሻ በስምምነት ይግዛ። ይህ ካልሆነ ቤት የሌለው ዘመድ ይግባበትና በኪራይ ፋንታ ይጠብቀው። ይህም ካልሆነ ወራሾቹ ተስማምተው ወቅፍ ያድርጉት፤ የቁርኣን መማሪያ ይሁን፤ ምንዳውም ሰደቀቱል ጃሪያ ሆኖ ይቀጥል።

እንግዲህ የአያቱን ቤት ያገኘ ሁሉ ፎቶግራፉን ለዘመድ ከመላኩ በፊት ወራሾቹን በአንድ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጥ። «ዘንድሮ ጣራውን ማን ያያል? ማንስ ይኖርበታል?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን መልስ ሳያገኝ ቁልፉን ይዞ አይሳፈር። አላህ ያግራልን።