ልጆቻችሁን በሳምንት አራት ሰዓት ስጡን

 

ረመዳን ሲገባ በየመስጂዱ ግቢ የምናያቸው ወጣቶች ያስደስቱናል። ከዐስር ሶላት በኋላ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ቴምርና ውኃ ያድላሉ፣ ሾርባ ይቀዳሉ። ከእነሱ መካከል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። አላህ ይቀበላቸው። ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ግን እነሱ ስለሚሠሩት ሳይሆን እኛ ስላላሠራናቸው ሥራ ነው።

ጥፋቱን ከራሳችን እንጀምር። በአንድ ረመዳን፣ ተራዊህ እየሰገድን ሳለ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ከሰፍ ላይ ወደቁ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኛ ውኃ አምጡ፣ ቦታ ልቀቁ እያልን ስንጯጯህ፣ ቴምር ሲያድል የምናውቀው አንድ ልጅ ሮጦ መጣና የሚወስዱትን መድኃኒት ጠየቃቸው። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጾሙ እንዳይበላሽባቸው ብለው የጠዋቱንና የማታውን ኪኒን አንድ ላይ ኢፍጣር ላይ ውጠውታል። ልጁ ስኳር በውኃ በጥብጦ ሰጣቸው፤ ወዲያውም ሐኪም ቤት ተወሰዱ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ።

ከዚያ በኋላ ነው ልጁ የፋርማሲ ተማሪ መሆኑን የሰማነው። ሦስት ረመዳን ሙሉ በዓይናችን ሥር ነበር። ተሸከም ብለነዋል፣ አድል ብለነዋል፤ ምን ታውቃለህ ብለን ግን አንድ ቀን አልጠየቅነውም። ታማሚ ሩኽሳ እንዳለው ማስተማር የእኛ የኢማሞች ድርሻ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን እንዲያማክር ቀድሞ ማስታወስን ግን ያ ልጅ ከእኛ የተሻለ ይችልበት ነበር። ብንጠይቀው ኖሮ እኒያ አባት ባልወደቁ ነበር።

ይህ አሠራር የአባቶቻችን አይደለም። በወሎም ሆነ በሌሎች የቂርአት ቦታዎች ደረሳ ስንቁ ሲያልቅበት የሚያኖረው የአካባቢው ሰው ነበር። ደረሳውም በልቶ ዝም አይልም። ሸይኹንና እንግዳውን ይኻድማል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለው ጀማሪውን ያስቀራል። ማስቀራቱ ራሱ የቂርአቱ አካል እንጂ ትርፍ ሥራ አልነበረም። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። የዛሬው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪስ ከዚያ ደረሳ በምን ይለያል? በወጪ መጋራት የሚከፍለው ከፊሉን ነው፤ የቀረውን የሚሸፍነው ሕዝቡ ነው። በዚያ ሕዝብ ውስጥ ልጁን ለማስጠናት አቅም የሌለው ጎረቤታችሁ አለበት።

ዘካን ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘቡ ኒሷብ የሞላና ዓመት የዞረበት ሰው ከአርባ አንድ ያወጣል። ፍርድ እየሰጠን አይደለም፤ ምሳሌ እየወሰድን ነው፤ የዕውቀት ኒሷብ የሞላው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሀብታም ነው። ሀብቱ ሒሳብ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው፣ እንዴት እንደሚጠና ማወቅ ነው። በዚያው ሰፈር ስምንተኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነው የሚያስረዳቸው ያጡ ልጆች ደግሞ የዚህ ሀብት ድኾች ናቸው።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለአርባ ስናካፍለው አራት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይሆናል። የምንለምናችሁ ይህንን ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ እሑድ ሁለት ሰዓት። በረመዳንም ከዙህር እስከ ዐስር ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል።

የማስተማር ዋጋ በዲናችን ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ወር ታሪክ መረዳት ይቻላል። የበድር ዘመቻ የተካሄደው በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ረመዳን 17 ቀን ነው። ከተማረኩት ቁረይሾች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው፣ ግን መጻፍ የሚችሉ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚህ ሰዎች የአንሷር ልጆችን መጻፍ በማስተማር ነፃ እንዲወጡ እንዳደረጉ ተዘግቧል። ልጅን ፊደል ማስቆጠር የምርኮኛ ቤዛ ሆኖ ከተቆጠረ፣ የገዛ ልጃችን ለጎረቤት ልጅ የሚሰጠው ሁለት ሰዓት ባከነ ሊባል አይችልም።

የወላጆችን ሥጋት እናውቀዋለን። «ልጄ መጀመሪያ የራሱን ይማር» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ የፈተናው ሰሞን ሲደርስ ይቅርበት። ነገር ግን በቀረው ጊዜ ልጃችሁ በስልኩ ላይ የሚያሳልፈውን ሰዓት እናንተም ታውቁታላችሁ። ያስተማረ ሰው ደግሞ የተማረውን አይረሳም፤ ይህን ደረሳ የነበረ ሁሉ ይመሰክራል። «ሴት ልጃችንስ?» ትላላችሁ። በየመስጂዱ የሴቶች ክፍል መልእክት ለማንበብ፣ የሐኪም ቀጠሮዋን ለመለየት ሰው የምትለምን እናት አለች። ከልጃችሁ የተሻለ ማን ያስተምራታል? ከእህቷ ወይም ከጓደኛዋ ጋር በቀን ትምጣ፤ ቦታውን ማዘጋጀት የእኛ ግዴታ ነው።

ወንዶቹን ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ኺድማ ከቤት ይጀምራል። እናት ከዐስር ጀምራ ሳምቡሳ ስትጠብስ፣ እህት ሾርባ ስታማስል፣ ከግቢ የመጣው ጎረምሳ እስከ መግሪብ ተኝቶ ውሎ ከዚያ የመስጂድ በጎ ፈቃደኛ ልሁን ቢል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሳህኑን ይጠብ።

ሌላው ፎቶ ነው። ለችግረኛ የኢፍጣር ምግብ ሲሰጥ ተቀባዩን አብሮ ፎቶ ማንሳት እየተለመደ መጥቷል። የሰጪው ፊት በደስታ ሲያበራ የተቀባዩ ፊት መሬት መሬት ያያል። ሱረቱል ማዑን ሶላቱን ለይዩልኝ የሚሰግደውንና ትንሿን እርዳታ የሚነፍገውን አንድ ላይ እንደሚወቅስ አንርሳ። ልጆቻችን የሰውን ክብር ሸፍነው መስጠትን ከእኛ ይማሩ።

የመስጂድ ኮሚቴዎችና እኛ ኢማሞች ደግሞ አንድ ደብተር እንክፈት። የተማሪው ስም፣ ምን እንደሚያጠና፣ በየትኛው ቀን እንደሚችል እንጻፍበት። የሕግ ተማሪው ለሽማግሌዎች ማመልከቻ ይጻፍ፤ የምህንድስናው ሒሳብ ያስጠና፤ የነርሲንጓ የደም ግፊት ትለካ። ዕድሜው 18 የሞላና ጤነኛ የሆነ ሁሉ ከኢፍጣር በኋላ ወይም ከዒድ ማግሥት ደም ይለግስ። ደም በጾም ወራትም ያስፈልጋል፤ የምትወልድ እናት ረመዳን እስኪወጣ አትጠብቅም። የዚህ አገልግሎት ተጠቃሚም ሙስሊሙ ብቻ አይሁን፤ የጎረቤት ሐቅ ሃይማኖት አይለይም።

ደብተሩ በዒድ ቀን እንዳይዘጋ አደራ። ሸዋል ሲገባ ምንጣፉ ተጠቅልሎ የቴምሩ ካርቶን ይጣላል፤ የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ግን የሚያስረዳው ሰው እንደጠፋበት ነው። ለእሱ ብላችሁ፣ ከእሱም በላይ ለአላህ ብላችሁ፣ በሳምንት አራት ሰዓት ልጆቻችሁን ስጡን። እኛም በዚህ ጊዜ የምንጠይቃቸው መጀመሪያ ምን እንደሚያውቁ ነው፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ጾማችንን፣ ሶላታችንንና ሰደቃችንን ይቀበለን። ልጆቻችንን ለወላጅም ለሰፈርም የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።