ድምፁን ወስደን ፊቱን የነሣነው

እኔ የኮልፌ 18 ማዞሪያ ተራ ተመልካች ነኝ። አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» አስናቀን ሆኖ በኢቴቪ ብቅ ሲል ሰፈራችን ጥርሱን ያፋጭ ነበር። ክፉን ሰው እንዲህ አስጠልቶ መጫወት ችሎታ ነው!

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ ከአርቲስቶቻችን ብዙዎቹ ባህላችን ጠፋ፣ እንጀራችን ተነካ ብለው ጮኹ። በእንጀራው አልፈርድባቸውም። ባህሉን ግን ይተዉት! ኢቴቪ ስክሪኑን ለዓመታት ብቻውን ይዞ ሲኖር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በምትወረወር ድራማ የትኛው ተዋናይ ነው ጠግቦ ያደረው? ያኔ ማን ጮኸ?

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ቱርኩ ፊቱን ይዞ እኛ ቤት ኮከብ ሆነ። አማርኛውን አሳምሮ የሚናገርለት ልጅ ግን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ቢቀመጥ አላውቀውም። «ወራጅ አለ» ሲል ብቻ ዞር እል ይሆናል። ለመሆኑ ስሙ ማን ነው?