ረቂቅ ሥዕል ለማን ነው?

አንዳንድ ሰዎች ስለ ዘመናችን ሥዕል ሲናገሩ ሁለት አባባል ያዘወትራሉ። አንደኛው፣ መልኩ በግልጽ የማይለይ ሥዕል ከአውሮፓ የተቀዳ እንጂ የአገራችን አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እንዲህ ያለው ሥዕል በአዲስ አበባ ለጥቂት ዐዋቂዎች ይታይ እንደ ሆነ እንጂ፣ እንደ ጋምቤላ ላለ ሩቅ አገር ሕዝብ ቢያሳዩት አይገባውም የሚል ነው። እኛ በጋምቤላ ከተማ መካከል ተቀምጠን የመንግሥት ሥራ የምንሠራና በትርፍ ጊዜያችን ስለ ሥነ ጥበብ የምናነብና የምንከራከር ሰዎች፣ ሁለቱም አባባሎች ስሕተት መሆናቸውን፣ ይልቁንም ሁለተኛው ጕዳት የሚያመጣ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ለክርክራችን ምሳሌ የምናደርገው የአንጋፋውን ሠዓሊ የአቶ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሥራ ነው። አቶ ወሰኔ በ1950 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በ1972 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ በ1980 ደግሞ በዋሽንግተን ከሚገኘው ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በካሊፎርኒያ ተቀምጠው በአክሪሊክ ቀለም ሲሥሉ ኖሩ። የሥዕላቸው መሠረት የግእዝ ፊደል ነው። ነገር ግን ፊደሉ እንደ መጽሐፍ ፊደል አይነበብም። አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ይቈረጣል፣ አንዱ ይገለበጣል፣ ሌላው እንደሚጨፍር ሰው ወገቡን ይሰብራል። ሙሉ በሙሉ ረቂቅ እንዳንለው የምናውቀው ፊደል ከውስጡ ይታየናል፤ ግልጽ ሥዕል እንዳንለው ደግሞ ቃል ሆኖ አይገኝም። ከፊል ረቂቅ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንግዲህ ይህ «ከአውሮፓ የተቀዳ ነው» የሚሉን ሰዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱልን። አባቶቻችን በብራና ክታብ ላይ ይሥሉት የነበረው ጠልሰም ምንድን ነው? ዓይን በዓይን ላይ የተደራረበበት፣ መስመር ከመስመር የተጠላለፈበት ያ ሥዕል የማንን መልክ ያሳያል? የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊስ ጻድቁን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ኃጥኡን ግን በአንድ ዓይን በጎኑ ሲሥል፣ የሰውን መልክ እንደ መስተዋት መገልበጡ ነበርን? አልነበረም። ትርጕሙን በምልክት ማስረዳቱ ነበር። ስለዚህ የአገራችን ሥዕል ጥንቱንም መልክን እየተወ ምሥጢርን መያዝ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከአውሮፓ የመጣ ነገር አለ ከተባለ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ቀለም ነው እንጂ አሳቡ አይደለም።

ይህ ክስ አዲስም አይደለም። የአቶ ወሰኔ መምህር የነበሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1963 በአዲስ አበባ ሥዕላቸውን ባሳዩ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። «ኢትዮጵያዊነት የለውም» የተባሉት እኒህ ሰው በ1965 የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስማቸው ይጠራል። ተቃዋሚዎቻቸው ግን ባዕድ ነው ያሉት ሥራ የአገር ቅርስ ሆኖ መገኘቱን ሳይማሩበት፣ የዚያኑ ዘመን ነቀፋ ዛሬም ሲደግሙት እንሰማለን።

የተቃዋሚዎቻችን ነቀፋ በአንድ ነገር እውነት እንዳለበት አንክድም። እጅ መሣል ስላቃተው ብቻ ቀለም ረጭቶ «ረቂቅ ነው» የሚል ሰነፍ አይጠፋም። ነገር ግን ሰነፍ ገጣሚ ስላለ ቅኔ ይቅር አይባልም። አቶ ወሰኔም መምህራቸውም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥርዓት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። መልክን የተዉት ስላላወቁት ሳይሆን ሌላ ነገር ስለ ፈለጉ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ማለት ወደ ራሳችን ወደ ጋምቤላ እንምጣ። «የጋምቤላ ሰው ረቂቅ ሥዕል አይገባውም» የሚል ሰው ከባሮ ወንዝ ዳር አንድ ቀን ውሎ ያውቃል ብለን ለማመን ያስቸግረናል። የኑዌር ሕዝብ ከብቱን በቀለሙና በነቍጡ አለያየት ይጠራል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቀለሙና የነቍጡ ስም እርስ በርሱ ሲጣመር በመቶዎች እንደሚቈጠር ጽፎአል። ወጣቱ ለዐቅመ አዳም ሲደርስ አባቱ ከሚሰጠው በሬ መጠሪያ ያገኛል፤ ያንኑ በሬ በዘፈን ያመሰግናል። ጥቍር በነጭ ላይ እንዴት እንደ ወደቀ፣ ግራጫው ከየት ጀምሮ የት እንዳበቃ ለይቶ የሚሰይም ዓይን፣ በሸራ ላይ የተነጠፈ ቀለም ሊያይ አይችልም ማለት ምን ዐይነት ፍርድ ነው? በአኝዋሃ ዘንድም ድሙይ የሚባለው የብርጭቆ ዶቃ የጥሎሽ ክብር ነበር። ዶቃው የሰው ወይም የአውሬ መልክ የለውም፤ ነገር ግን ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ አስተሳስሮአል። መልክ የሌለው ነገር ትርጕም ሊኖረው እንደሚችል ለዚህ ሕዝብ ማስተማር የሚያስፈልግ አይመስለንም።

እንዲያውም የአቶ ወሰኔ ሥዕል በጋምቤላ ቢታይ ከሌላው ቦታ ይልቅ የጠለቀ ፍሬ ይሰጣል እንላለን። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። በክልላችን ኑዌርኛና አኝዋሃኛ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ አማርኛ ግን በግእዝ ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ አንድን ጽሑፍ በግድግዳ ላይ ብንሰቅል አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይቀራል። በዚህ ሥዕል ፊት ግን ፊደል የሚያውቀውም ሊያነበው አይችልም፤ የማያውቀውም ከማየት አይከለከልም። ሁለቱም እኩል ተመልካቾች ይሆናሉ። ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች በአንድ ከተማ በሚኖሩበት አገር፣ ይህን የመሰለ መገናኛ ከወዴት ይገኛል?

ጋምቤላ ለውጭው ዓለም እንግዳ እንዳልሆነችም ለማስታወስ እንወዳለን። በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋምባት ከተፈቀደ ወዲህ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ዕቃ ያራግፉባት፣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭኑባት ነበር። የዓለም ሸቀጥ የገባበት በር ለዓለም ጥበብ ይጠባል ማለት አያስኬድም።

ነገር ግን በ2003 በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሥራ ሲያሳይ፣ የአቶ ወሰኔ ሥራ ከመካከላቸው ነበረ። የዋሽንግተን ተማሪ ያየውን የጋምቤላ ተማሪ ሳያየው እንዲያድግ ምን ግድ አለን? «ሥዕሉ በመንገድ ይበላሻል» የሚለውን ምክንያት አንቀበለውም። አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን፣ ከደረቀ በኋላ ግን ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም ነው፤ ቶሎም ይደርቃል። ሸራው ከእንጨቱ ተፈትቶ፣ የተሣለበት ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በሰፊ ቱቦ ላይ ሊጠቀለል ይችላል። ይህ ቀለም በሙቀት ስለሚለሰልስ የተሣለበት ገጽ ከሌላ ገጽ ጋራ እንዳይጣበቅ የማይጣበቅ ወረቀት በመካከሉ ማኖር፣ በከተማችንም ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ላይ መስቀል ይበቃል። ይህ የገንዘብ ሳይሆን የአሳብ ጕዳይ ነው።

ስለዚህ የባህልን ሥራ በኀላፊነት የያዙትን መሥሪያ ቤቶች የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በአዲስ አበባ የሚታዩ የታላላቅ ሠዓሊዎች ትርኢቶች፣ የአቶ ወሰኔን የመሳሰሉት ጭምር፣ ወደ ክልል ከተሞች እንዲዘዋወሩ ይደረግ። የትምህርት ቤት አዳራሽ ለዚህ በቂ ነው። ማስረጃውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአገሬው ቋንቋዎች ይነገር። የመጨረሻውም፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሥዕሉን የሚያብራራው ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ዝም ይበልና፣ ከብቱን በነቍጡ የሚጠራው ሽማግሌ ያየውን እንዲናገር ዕድል ይሰጠው። ያን ጊዜ ያልገባው ማን እንደ ሆነ በግልጽ ይታወቃል።