ደማችን የቆጠረውን መግለጫው አልቆጠረውም!

“እኔን እኮ አንዴ ይዞኝ ለቆኛል፤ ከእንግዲህ ምን ያመጣል?” ይህን አባባል ያልሰማ አዲስ አበቤ ይኖር ይሆን? ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ እስከ ዛሬ ይባላል። ከተባለ በኋላ ደግሞ እያሳሉ አሮጊት እናት ይጠየቃሉ፤ ጉንጭ ይሳማል። ሌላው ወገን በበኩሉ “ቀለል አድርጎ የያዘው ሰው መከላከያው በሁለት ወር ውስጥ ብን ብሎ ይጠፋል” ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሁለቱን ግማሾች አጋጥሞ ለሕዝብ መንገር የማን ሥራ ነበር? ለመሆኑ ደመወዝ የሚከፈለው ማን ነው?

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናስታውሰዋለን፤ በየዕለቱ “ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል ሰው ተመርምሮ ይህን ያህሉ ተገኝቶበታል” የሚል መግለጫ። ሰዉ እንደ ሎተሪ ዕጣ ይጠብቀው ነበር። ያ ቁጥር ግን የሚቆጥረው ከአፍንጫው ወይም ከጉሮሮው ናሙና ተወስዶ የተገኘበትን ብቻ ነው። ዝንጅብሉን አፍልቶ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከማር ጋር በልቶ፣ ሦስት ቀን ተኝቶ የተነሳው ሰው አይቆጠርም። በዚህ አቆጣጠር እስከ ጥር 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ኮሮና የያዘው ኢትዮጵያዊ ከ140 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከሺህ ሰው አንድ ገደማ ማለት ነው።

ደም ግን ሌላ ታሪክ ያወራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባው ጳውሎስ ሆስፒታል ጋር ሆነው የሠሩት ጥናት አለ። የሆስፒታል ሠራተኞችን ደም እየቀዱ ፀረ እንግዳ አካል ፈለጉ። አዲስ አበባ ላይ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከመቶ 11 ገደማ የነበረው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2021 ላይ፣ በእኛ ጥርና የካቲት 2013 መሆኑ ነው፣ ከመቶ 54 ገደማ ደረሰ። ጅማ ላይ ደግሞ ከመቶ 56። “ገጠሬውን አይነካም” ስንባል አልነበር? በጥናቱ የገቡት የገጠር ነዋሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ 18 ወደ 31 ወጥተዋል። ከሺህ አንድ እየተባለ ሳለ ከሦስት አንድ! የሁለት ከተማ ጥናት ለመላ ሀገር እንደማይበቃ አውቃለሁ። ነገር ግን ልዩነቱ የቆጠራ ስህተት ነው ተብሎ የሚታለፍ ነው?

ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር? ቤቱ፣ ሥራው፣ ገበያው ላይ። እጅግ የሚበዛው በሽታው ቀለል ብሎለት ያለፈ ሰው ነው። ታዲያ ከሁሉ በፊት ሊነገረን ይገባ የነበረው ይኸው ቀለል ብሎት ያለፈው ሰው ምን ይዞ እንደ ቀረ ነበር።

እኔም ከእነዚያው አንዱ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ያዘኝና ለቀቀኝ፤ ቡና አፍንጫዬ ሥር ተቆልቶ ሽታው አልመጣ ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ከወር በኋላ ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ጣቴን ወግቶ፣ መስመር የወጣበት ፕላስቲክ አሳይቶ፣ “ፀረ እንግዳ አካል አለህ፤ አትስጋ” ብሎ ሸኘኝ። ስንት ነው ያለኝ? እስከ መቼ? ቫይረሱ መልኩን ቢቀይርስ? መልስ የለም። በገንዘቤ የገዛሁት “አትስጋ” የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 እንዲህ ባለው ምርመራ ተመርኩዞ ለሰው “አትያዝም” የሚል ማረጋገጫ መስጠት እንደማይገባ አስጠንቅቆ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ክተት ይታወጃል። በጥድፊያ የሚመለመሉ ሴሎች ፀረ እንግዳ አካል በገፍ ያመርታሉ፤ ውጊያው ሲያበቃ አብዛኞቹ ይሞታሉ። በዚያን ጊዜ ደም ቢለካ መጠኑ መውረዱ የማይቀር ነው። ቻይና ውስጥ ቾንግቺንግ ላይ ምንም ምልክት ያልታየባቸው 37 ሰዎች ተጠንተው ከመቶ 40ዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ በምርመራ የሚታይ ፀረ እንግዳ አካል አልተገኘባቸውም። “ብን ብሎ ይጠፋል” የሚለው ወሬ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት እንዲህ ካሉ ጥናቶች ነው። ወዲያው ግን ኒውዮርክ የሚገኘው የማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ቀላልና መካከለኛ ሕመም ካገኛቸው ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ቫይረሱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል እንዳላቸው፣ መጠኑም ለአምስት ወር ያህል ብዙ ሳይናወጥ እንደሚቆይ አሳየ።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ የመቅኔው ጥናት ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በዓሊ ኤለበዲ የሚመራ ቡድን አብዛኞቹ ቀለል ብሎላቸው የዳኑ 77 ሰዎችን ተከታተለ። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የደማቸው ፀረ እንግዳ አካል ቶሎ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ግን መውረዱ ቀዘቀዘና በ11ኛው ወርም ነበረ። ምክንያቱን ለማወቅ ከ19ኙ ሰዎች የዳሌ አጥንት መቅኔ ቀዱ። በ15ቱ መቅኔ ውስጥ ይህን ቫይረስ የሚያውቁ አምራች ሴሎች ተቀምጠው ተገኙ። ቫይረሱ ካልያዛቸው 11 ሰዎች በአንዱም አልተገኙም። ክተት ተብሎ የወጣው ገበሬ ወደ እርሻው ቢመለስም ምሽጉ ውስጥ ዘብ ቀርቷል ማለት ነው። ከዘቡ ሌላ ደግሞ ጠላቱን የሚያስታውሱ፣ ሲመለስ ብቻ የሚነሱ ሴሎች አሉ፤ እነሱን የጣት ደም ምርመራ አያያቸውም።

እሰየው! ታዲያ ለምን እንሰጋለን? ብራዚል ውስጥ ማናውስ የምትባል የአማዞን ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 2020 ከነዋሪዋ ከመቶ 76ቱ ተይዞ እንደነበር ከደም ለጋሾች ናሙና ተነስተው ተመራማሪዎች ገመቱ። “በቃ፣ አለፈላቸው” ተባለ። በጃንዋሪ 2021 ሆስፒታሎቿ ኦክስጅን አልቆባቸው ሕመምተኛ እያፈነው ሞተ። ግምቱ ተጋኖ ይሆናል፤ የደሙ መከላከያም ቀንሶ ይሆናል፤ መልኩን የለወጠ ቫይረስ መምጣቱ ግን እርግጥ ነበር። ዘቡ የሚያውቀው የድሮውን ፊት ነዋ!

ብዙ እህቶቻችን በሰው ቤት የሚያገለግሉባት ኳታር ይህንኑ በቁጥር አስቀምጣዋለች። ቀድሞ የተያዘ ሰው እንደገና ከመያዝ የሚጠበቀው አልፋና ዴልታ በተባሉት ዝርያዎች ጊዜ ከመቶ 90 ገደማ ነበር፤ ኦሚክሮን ሲመጣ ወደ 56 ወረደ። ከጽኑ ሕመም መጠበቁ ግን በኦሚክሮንም ጊዜ ከመቶ 88 ገደማ ነው። እንግዲህ “አንዴ ይዞኛል” የሚለው ወንድሜ ለራሱ ብዙም አልተሳሳተም፤ እሱ ሆስፒታል የመግባቱ ነገር ጠባብ ነው። እንደገና ተይዞ ለሰማንያ ዓመት እናቱ ማስተላለፉ ግን አልቀረም። ይህን ለመናገር ስንት መስመር ፈጀብኝ? በዚያ ሁሉ የዕለት መግለጫ ውስጥ ቦታ ጠፍቶለት ነው?

ነገሩ ከወሬም ያልፋል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት ቦሌ ገባ። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከሆነ ለ1.1 ሚሊዮን ሰው፤ ከ110 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ! እንዲህ ያለ ጠብታ የያዘ ሀገር የትኛው መንደር በሰፊው እንደተያዘ፣ የትኛው ገና እንደሆነ ከደም ቆጠራ ማወቅ አልነበረበትም? ሽማግሌዎቹን ከየት መጀመር እንዳለበትስ? የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የደም ጥናት አድርጓል፤ አላደረገም አልልም። እኔ የምጠይቀው በየሦስት ወሩ የሚደገም፣ በየዕለቱ መግለጫ ጎን የሚነበብ ቆጠራ ነው። የጅማና የጳውሎስ ጥናት ለኅትመት የበቃው ክትባቱ ከታደለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል ጥፋቱ የተመራማሪዎቹ አይደለም፤ እነሱ የሠሩት የአቅማቸውን ነው።

ደማቸውን የሰጡት ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የገጠር ነዋሪዎች ውጤታቸው በእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። በአማርኛና በኦሮምኛ አንድ ገጽ ተጽፎ ደርሷቸው ይሆን? የተቀዳው ደም ቅሪትስ ለቀጣዩ ወረርሽኝ መነሻ እንዲሆን የት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በማን ኃላፊነት ተቀምጧል? የጤና ሚኒስቴር መልስ ካለው ይህ ገጽ ክፍት ነው፤ ሳንቀንስ ሳንጨምር እናወጣለን።