ከፒንቦል ገበያ ለደብረ ታቦር ጆተኒ ምን ይተርፋል?

ለመሆኑ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የጨዋታ ማሽን ዋጋው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ለሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄው ቀላል ነው። ማሽን በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል፤ የአገልግሎት ዘመኑ ሲያበቃም በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሸጣል። በደብረ ታቦር ከተማ በየሰፈሩ መግቢያ፣ በሸራና በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆሙት ጆተኒዎችም ዕጣቸው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ዘንጉ ይዝጋል፣ ቺፕውዱ በክረምት ርጥበት ያብጣል፣ በመጨረሻም ብረቱ ለቁራሌው፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህን ደንብ የገለበጠ አንድ ገበያ አለ። እርሱም በአሜሪካ የሚገኘው የአሮጌ ፒንቦል ማሽኖች ገበያ ነው። ፒንቦል ማለት በአራት እግር የቆመ፣ ከላይ መስታወት የተገጠመለት፣ ወደ ተጫዋቹ ዘንበል ያለ ሣጥን ነው። ተጫዋቹ ስፕሪንግ ያለውን ዘንግ ስቦ ሲለቅ የብረት ብይ ወደ ላይ ትፈናጠራለች፤ ቁልቁል ስትመለስ ከጎን ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ በሁለት አጫጭር መቅዘፊያዎች መልሶ ይመታታል። በመሐላቸው ሾልካ ካለፈች ተራው አበቃ። በአጭሩ ብይ ጨዋታ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማለት ነው።

የዚህ ማሽን ንግድ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. በባሊ ስም የወጣው «አዳምስ ፋሚሊ» 20,270 ያህል ተመርቷል። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ጌም ገበያውን ወሰደው። በ1997 የወጣው «ሜዲቫል ማድነስ» የተመረተው 4 ሺህ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ1999 ደግሞ የባሊና የዊሊያምስ ባለቤት የነበረው ኩባንያ የፒንቦል ክፍሉን ዘግቶ ፊቱን ወደ ካሲኖ የቁማር ማሽኖች አዞረ። ማሽኖቹን በየቡና ቤቱ አስቀምጠው ሳንቲም ይለቅሙ የነበሩ ነጋዴዎችም ያላቸውን አውጥተው ሸጡ። ገዢዎቹ በልጅነታቸው በእነዚሁ ማሽኖች ሳንቲማቸውን የጨረሱ፣ በኋላ ደመወዝ ያገኙ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ እውቅ ከሆኑት ማሽኖች አንዳንዶቹ አዲስ ሳሉ ከተሸጡበት በላይ ያወጣሉ። «ሜዲቫል ማድነስ» እጅግ ከመፈለጉ የተነሳ በ2015 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ተመርቶ ለገበያ ቀርቧል።

ነጋዴን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ሰዎቹ የሚያደርጉት ዓመታዊ ጉባኤ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቺካጎ አካባቢ የሚካሄደው «ፒንቦል ኤክስፖ» ነው። በእንዲህ ያለው ጉባኤ ሰብሳቢዎቹ የየራሳቸውን ማሽን ጭነው ያመጣሉ፣ በአዳራሹ ይደረድራሉ፤ እንግዳው በር ላይ አንድ ጊዜ ይከፍልና የአርባና የሃምሳ ዓመት ማሽን እየቀያየረ ይጫወታል። ሳንቲም መክተት የለም። ከጎኑ የመለዋወጫ ገበያ ይቆማል፤ የደረቀ ጎማ፣ የተቃጠለ ጥቅል ሽቦ፣ አምፖል፣ መስታወት፣ የጠፋ ብሎን ሳይቀር ይሸጣል። አንጋፋ ሠሪዎች ቀርበው ማሽኑ እንዴት እንደተሠራ ያስረዳሉ። ዋጋውን የያዘው ትዝታ ብቻ ነው የሚል ካለ ይህን የመለዋወጫ ጠረጴዛ አላየም። ትዝታ ገዢ ያመጣል፤ ማሽኑን የሚያሠራው ግን ጠጋኝና መለዋወጫ ነው። የማይሠራ ፒንቦል ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሣጥን ብቻ ነው።

ታዲያ ፒንቦልን ወደ ደብረ ታቦር ማስመጣት ያዋጣል? አያዋጣም። አዲሱ ማሽን ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ምን ላይ እንደደረሰ አስመጪው ያውቀዋል። ቀረጥ፣ ትራንስፖርትና የመብራት መቆራረጥ ሲጨመሩበት ነገሩ ያበቃል። የደብረ ታቦር ፒንቦል ጆተኒ ነው። መብራት አይፈልግም፤ አናጺና ብየዳ ቤት ይሠሩታል፤ በጋሪ ተጭኖ ሰፈር ይቀይራል። ለሥራ ፈላጊ ወጣትም ከሱቅ ባነሰ መነሻ ገንዘብ የሚጀመር የጥሬ ገንዘብ ንግድ ነው።

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል በግምት ቁጥር ማስላት ይቻላል። አንድ ጆተኒ 30 ሺህ ብር ወጣበት፣ አንድ ጨዋታ 10 ብር ነው፣ በቀን 40 ጨዋታ ይደረጋል እንበል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 10,400 ብር ይገባል። ለጠባቂው 4 ሺህ፣ ለቦታው 2 ሺህ፣ ለጥገና 600 ሲወጣ 3,800 ብር ይተርፋል፤ ካፒታሉ በስምንት ወር ይመለሳል ማለት ነው። የቁጠባ ወለድ ከዚህ አጠገብ አይደርስም። ነገር ግን ጨዋታው በቀን ወደ 20 ቢወርድ ባለቤቱ በየወሩ 1,400 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ወጪው እንዳይበልጥ ቢያንስ 26 ጨዋታ ያስፈልገዋል። የዚህ ንግድ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው፤ ወጪው ቋሚ ሲሆን ገቢው የአመሻሽ ነው። ተማሪው ከትምህርት፣ የቀን ሠራተኛው ከሥራ የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ ደግሞ አመሻሽ ላይ የሚመካ ንግድ ሁሉ ምን እንደሚገጥመው ለአካባቢው ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። መንገድ ሲዘጋ ጎማና ብሎን ሳይቀር ከባሕር ዳር አይመጣም፤ ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም።

ከምሳሌው ላይ 600 ብር የተባለችው የጥገና ወጪ ትንሽ ትመስላለች። አብዛኛው ባለ ጆተኒ ግን ይህችንም አያወጣም። ዘንጉ ሲጠብቅ የምግብ ዘይት ጠብ ያደርግበታል፤ ዘይቱ አቧራ ይዞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይብሳል። ተጫዋች ምስል ሲሰበር በሽቦ ይታሰራል። ከዚያ ደንበኛው «ይኼኛው ይይዛል» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሄዳል፤ ባለቤቱ ደግሞ ገበያ ቀዘቀዘ ይላል። የደቡብ ጎንደር ደጋ ክረምት ለእንጨት ጠላት ነው፤ ከጉና የሚወርደው ጉም ከሸራ ሥር ሳይቀር ይገባል። ከሰኔ በፊት የቺፕውዱን ጠርዝ ቀለም መቀባት፣ ዘንጎቹን ፈትቶ መወልወል የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የሚገርመው ደብረ ታቦር የብረት ሥራ ታሪክ ያላት ከተማ መሆኗ ነው። በአቅራቢያዋ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሙያተኞችን አስቀምጠው ሴባስቶፖልን ያሠሩት በ1867 እ.ኤ.አ. ነው። መድፉ ወደ መቅደላ ተጓዘ፤ ሙያው ግን በከተማዋ ወርክሾፕ ሆኖ አልቀረም። ሁለትና ሦስት የብየዳ ወጣቶች ዘንግ፣ ቡሽና ተጫዋች ምስል በአንድ ልክ እየሠሩ ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ ላሉት ጆተኒዎች ቢያቀርቡ፣ ከባለ ጆተኒዎቹ የተሻለ ትርፍ የማያገኙበት ምክንያት አይታይም። የአንዱ ጆተኒ ዕቃ ለሌላው የማይገጥመው ልክ የሚባል ነገር ስለሌለ ነው።

ከዝገት የባሰው አደጋ ግን ሌላ ነው። ጆተኒ በአብዛኛው የሚጫወቱት «ተሸናፊ ከፋይ» ተብሎ ነው። ለባለቤቱ ይመቸዋል፤ አሸናፊው ነፃ ስለተጫወተ ሳይነሳ ይቀጥላል፣ ተሸናፊው ብድሩን ለመመለስ ይደግማል። ከዚህ አልፎ ለስላሳ ማስያዝ ይጀመራል፤ ለስላሳው ደግሞ ሳይቆይ ብር ይሆናል። ያን ጊዜ ወላጅም ሆነ ደንብ አስከባሪ ጆተኒውን ከቁማር ለይቶ እንዲያይ መጠበቅ የዋህነት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በአስተዳደሩ ውሳኔ ሲዘጉ የጨዋታ ንግድ ምን ያህል በአንድ ቀን ሊቆም እንደሚችል ታይቷል፤ እነዚያ እንኳ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ የወሰዱ ነበሩበት።

ፒንቦልም በዚሁ መንገድ አልፏል። የኒውዮርክ ከተማ በ1942 እ.ኤ.አ. ቁማር ነው ብሎ አገደው፤ ፖሊስም ማሽኖቹን በመዶሻ ሰባበረ። መቅዘፊያዎቹ የመጡት ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1947 በጎትሊብ ኩባንያ ማሽን ላይ ነበር። ጨዋታው ከዕድል ወደ ችሎታ ቢሸጋገርም ስሙ ግን እንደቆሸሸ ቆየ። እገዳው የተነሳው በ1976 ነው። ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት ፊት ማሽን ቀርቦለት፣ ብይዋ በየትኛው መስመር እንደምትገባ አስቀድሞ ተናግሮ ዘንጉን ሳበ፤ እንዳለውም ገባች። ሠላሳ አራት ዓመት የዘለቀ እገዳ የተነሳው ጨዋታው ችሎታ እንጂ ዕድል አለመሆኑ በዓይን ስለታየ ነው።

ጆተኒ የችሎታ ጨዋታ መሆኑን ማንም አይክደውም፤ ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። ስለዚህ የጉባኤዎቹ የበር ክፍያ ለደብረ ታቦርም ሊሞከር የሚገባው ነው። አሥርና አሥራ ሁለት ጆተኒ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ፣ ሰው በር ላይ ከፍሎ እስከ ማታ ቢጫወት የሚከፍል ተሸናፊ አይኖርም። ጥር 25 ቀን ለመርቆሬዎስ የፈረስ ጉግስ፣ ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ከተማዋ በእንግዳ ስለምትሞላ ቀኑ ይኸው ነው የሚሉ ይኖራሉ። አይመስልም። በእነዚያ ቀናት እያንዳንዱ ባለ ጆተኒ በገዛ ቦታው የዓመቱን ከፍተኛ ገቢ ስለሚያገኝ ጥሎ አይመጣም። የሚሻለው በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪ የሚቀበልበት ሰሞን ነው። ተማሪው ገና ሰፈር አለመደም፣ ኪሱም አልተራገፈም።

እስከዚያው ያገለገለ ጆተኒ ለመግዛት የሚደራደር ሰው ከቀለሙ በፊት ዘንጎቹን አንድ በአንድ አሽከርክሮ፣ ሣጥኑን ገልብጦ የሥሩን እንጨት ይይ። ቦታውም አብሮ የሚሸጥ ከሆነ ከትምህርት ቤት ያለውን ርቀትና የንግድ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ ይጠይቅ። ደላላው ይህን ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ኮሚሽኑን የሚቀበለው በሽያጩ ዕለት ነው።