ማመልከቻ ሁሉ ንግድ አይሆንም፤ የጆርጂያ ቁጥር ሲነበብ



በየወሩ አጋማሽ ገደማ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት (ሴንሰስ ቢሮ) አንድ ሰንጠረዥ ያወጣል። ባለፈው ወር በመላ አገሪቱና በእያንዳንዱ ስቴት ስንት አዲስ የንግድ ማመልከቻ እንደቀረበ የሚያሳይ ነው። ሰንጠረዡ በወጣ ማግስት የየስቴቱ ፖለቲከኞች "እኛ ዘንድ ንግድ አብቧል" ይላሉ፤ ጋዜጦች ደረጃ ያወጣሉ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ እኛም ሰፈር ይደርሳል። አትላንታ አካባቢ በሠርግም ሆነ በለቅሶ ቤት "ጆርጂያ እኮ ለንግድ አንደኛ ናት" ሲባል ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የምኖረው ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ፒችትሪ ኮርነርስ ነው። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ከአገር ወጥቼ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። አንድ የመለኪያ መሣሪያ ሲቀርብልን መጀመሪያ የምንጠይቀው "ስንት ይላል?" ብለን ሳይሆን "የሚለካው ምንድን ነው?" ብለን ነው። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ይህን ሰንጠረዥ እየከፈትኩ ስጠይቀው የቆየሁትም ይህንኑ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

አንድ ሰው ንግድ ልጀምር ሲል ከአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) የአሠሪ መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ሁላችንም "ኢ አይ ኤን" የምንለው ነው። የሚሞላው ቅጽ ኤስ ኤስ-4 ይባላል። ሴንሰስ ቢሮ እነዚህን ማመልከቻዎች ተቀብሎ፣ እንደ ውርስና አደራ ንብረት ያሉትን ንግድ ያልሆኑ ጉዳዮች አውጥቶ፣ የቀረውን በስቴትና በሥራ ዘርፍ ከፋፍሎ ይቆጥራል። ሥራው በ2018 ሲጀመር በየሩብ ዓመቱ ነበር የሚወጣው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በየሳምንቱ መውጣት ጀመረ፤ ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ወርኃዊ ሆኗል።

እንግዲህ የሚቆጠረው የተከፈተ ሱቅ አይደለም፤ የተቀጠረ ሠራተኛም አይደለም። የሚቆጠረው ቅጽ የሞላ ሰው ነው። ቅጽ መሞላቱን አይቶ ንግድ ተከፈተ ማለት እርግዝናን ቆጥሮ ልጅ ተወለደ እንደማለት ነው።

ይህ ሲባል ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ2019 በመላ አገሪቱ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ማመልከቻ ቀርቦ ነበር። በ2020 ቁጥሩ ከ4.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ብቻ የወቅት ማስተካከያ ተደርጎለት ከ500 ሺህ በላይ ደረሰ። ከ2021 እስከ 2024 ድረስ ደግሞ በየዓመቱ ከ5 ሚሊዮን በላይ ቀርቧል። ብዙ ሰው ጭማሪው ከወረርሽኙ ጋር ያልፋል ብሎ ነበር። አላለፈም። አንድ ትልቅ ነገር እንደተለወጠ የሚክድ የለም። ጥያቄው የተለወጠው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው።

መልሱ ያለው በሰንጠረዡ ዝቅ ብሎ ነው፤ ጋዜጦች ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ አይወርዱም። ሴንሰስ ቢሮ ከጠቅላላው ማመልከቻ ውስጥ ሠራተኛ የመቅጠር ተስፋ ያላቸውን ለይቶ ያወጣል። ለዚህ መለያ የሚሆኑት አመልካቹ ኮርፖሬሽን መሆኑ፣ ደመወዝ የሚከፍልበትን ቀን መጻፉ፣ ወይም እንደ ምግብ ቤት ባለ ሰው በሚቀጥር ዘርፍ መሰማራቱ ናቸው። እነዚህ ከጠቅላላው ሲሶ ገደማ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልበትን ቀን በግልጽ የጻፉት ለብቻቸው ይቆጠራሉ፤ እነሱ ከዚያም በጣም ያንሳሉ፤ ከ2019 ወዲህም እንደ ጠቅላላው ቁጥር አልተተኮሱም። በመጨረሻም በአንድ ዓመት ውስጥ በእርግጥ ሰው ቀጥረው ደመወዝ ወደመክፈል ይደርሳሉ ተብለው የሚገመቱት ከአሥር ማመልከቻ አንድ እንኳ አይሞሉም።

ይህን ስናይ የጭማሪው ዋና ክፍል ምን እንደሆነ ይገባናል። ብዙውን ጊዜ ራሱን ብቻ የሚቀጥር ሰው ነው።

ስቴቶችን ስናወዳድር

ወደ ስቴቶች እንምጣ። በጠቅላላ ቁጥር ፍሎሪዳ ካሊፎርኒያን ትበልጣለች፤ ካሊፎርኒያ ግን 39 ሚሊዮን ሕዝብ ሲኖራት ፍሎሪዳ ያላት 23 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጆርጂያ በሕዝብ ብዛት 8ኛ ብትሆንም በማመልከቻ ቁጥር ከፍሎሪዳ፣ ከካሊፎርኒያ፣ ከቴክሳስና ከኒው ዮርክ ጋር ከመጀመሪያዎቹ አምስት ትመደባለች። ይህ እውነት ነው፤ ኩራቱም ባዶ አይደለም።

ነገር ግን ለሕዝብ ብዛት አካፍለን ስናይ ከላይ የሚወጡት ዋዮሚንግና ደላዌር ናቸው። የዋዮሚንግ ሕዝብ 600 ሺህ እንኳ አይሞላም። እዚያ ያለው ከብት ጠባቂ ሁሉ በድንገት ነጋዴ ሆኖ አይደለም። ዋዮሚንግ የድርጅት ዓመታዊ ክፍያዋ ከ60 ዶላር ይጀምራል፤ የግለሰብ የገቢ ግብር የላትም፤ አድራሻ የሚያከራዩ ወኪሎችም ሞልተዋል። በአንጻሩ ካሊፎርኒያ አንድ ኤል ኤል ሲ ሠራም አልሠራም በየዓመቱ ቢያንስ 800 ዶላር ትጠይቀዋለች። ስለዚህ የስቴቶች ደረጃ በከፊል የሚለካው የሕዝቡን የሥራ ፍቅር ሳይሆን የመዝገብ ቤቱን ዋጋ ነው።

ሌላው ወጥመድ "ወርኃዊ" የሚለው ቃል ነው። በጥር ወር ሰው አዲስ ዓመት ብሎ ያመለክታል፤ በታኅሣሥ በዓል ነው፤ ቀዝቀዝ ይላል። ሴንሰስ ቢሮ ይህን በሒሳብ አስተካክሎ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ተስተካክሎም ቢሆን የአንድ ስቴት ቁጥር በአንድ ወር በጥቂት በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ብዙ ትርጉም የለውም። በበኩሌ የሦስት ወር አማካይ ሳልይዝ፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋርም ሳላስተያይ ምንም ነገር አልደመድምም። አንባቢዎቼም እንዲሁ ቢያደርጉ ከብዙ ወሬ ይድናሉ።

ከቅጹ ጀርባ ያለው ሰው

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልግባ። ኤስ ኤስ-4 የአመልካቹን ዘርም ሆነ የትውልድ አገር አይጠይቅም። ስለዚህ ከዚህ ሰንጠረዥ ስንት ኢትዮጵያዊ እንዳመለከተ ማወቅ አይቻልም። ሆኖም ጭማሪው የታየባቸው ዘርፎች፣ ማለትም በኢንተርኔት መሸጥ፣ ጭነትና ማጓጓዣ፣ የግል አገልግሎት፣ የእኛ ሰው በብዛት የተሰማራባቸው መሆናቸውን ለማወቅ ከክላርክስተን እስከ ስቶን ማውንቴን አንድ ቅዳሜ መዞር ይበቃል።

ስለ ሹፌሩ እናስብ። ትናንት ተቀጣሪ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ደብልዩ-2 ይሰጠው ነበር። ዛሬ የሚሠራለት ድርጅት "ኤል ኤል ሲ ከፍተህ ና" ይለዋል። ይከፍታል፤ ኢ አይ ኤን ያወጣል። መኪናው ያው ነው፤ መንገዱ ያው ነው፤ አዛዡም ያው ነው። በሴንሰስ ቢሮ ሰንጠረዥ ግን ጆርጂያ አንድ አዲስ ንግድ አገኘች። እሱ በበኩሉ ያገኘውንና ያጣውን እንቁጠር። ቀድሞ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከደመወዙ 7.65 በመቶ ሲቆረጥ የቀረውን እኩሌታ አሠሪው ይከፍል ነበር፤ አሁን 15.3 በመቶውን ራሱ ይችለዋል። ሥራ ሲያጣ የሥራ አጥ ክፍያ የለውም፤ ሲጎዳ የጉዳት ካሣ መድን የለውም፤ የጤና መድኑንም በራሱ ይገዛል። በወረርሽኙ ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ለራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎችም የሥራ አጥ ድጎማ ፈቅዶ ነበር፤ ጆርጂያ ግን ከጊዜው ቀድማ በሰኔ 2021 ከፕሮግራሙ ወጣች። ያኔ ነው "ባለቤት" የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ብዙ ሰው ያየው።

የጭነት መኪናውም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2020 እና በ2021 ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ዕቃ ሲያዝዝ የጭነት ዋጋ ጣራ ነካ። ብዙ ወንድሞቻችን እቁብ ጥለው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ አንዳንዱም ቤቱን አስይዞ መኪና ገዙ፤ ያገለገለ መኪና እንኳ በእጥፍ ዋጋ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። በ2022 የጭነት ዋጋ መውረድ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ናፍጣ በጋሎን ከ5 ዶላር ተኩል አለፈ። ገቢው ሲወርድ የባንኩ ክፍያ አልወረደም። በ2023 ትልልቆቹ እንኳ አልቻሉትም፤ ወደ መቶ ዓመት ያስቆጠረው የሎው ኩባንያ በነሐሴ ወር ኪሣራ አወጀ። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሲገባ በሰንጠረዡ ተቆጥሯል፤ ሲወጣ ግን አልተቆጠረም። ይህ ሰንጠረዥ ልደት ብቻ እንጂ ሞት አይመዘግብም። ሞቱን የሚመዘግበው የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው፣ ሠራተኛ ይዘው ከሚጀምሩት ድርጅቶች እንኳ ከአምስት አንዱ በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሾቹ የሉም።

እውነት ነው፣ በተቃራኒው የሚቀርብ ክርክርም አለ፤ ቀላልም አይደለም። ራስን መቅጠር ለስደተኛ ብዙ ጊዜ ከውርደት መውጫ ነው። ዲግሪውን የማይቀበለው አገር ውስጥ በአነጋገሩ የሚናቅ ሰው የራሱን ሥራ ሲከፍት የሚያገኘው ክብር በሰንጠረዥ አይለካም። ከአንድ ሚጣድ የተነሣች እናት ዛሬ ለብዙ ሱቅ እንጀራ ስታከፋፍል አይተናል። ታላላቆቹም የሚጀምሩት በትንሹ ነው። እዚሁ በአጠገባችን ኖርክሮስ አካባቢ ዴኒስ ሄይስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከመኖሪያ ቤቱ የጀመረው የሞደም ሥራ በ1981 ባወጣው ስማርትሞደም የዓለምን የኮምፒዩተር ግንኙነት መልክ አስያዘ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችንም ቀጠረ። ያው ኩባንያ ግን በ1990ዎቹ ሁለት ጊዜ ኪሣራ አውጆ ፈረሰ። እንግዲህ በ1970ዎቹ ይህ ሰንጠረዥ ቢኖር ሄይስ አንድ ማመልከቻ ነው፤ ጎረቤቱ ሞክሮ የተወውም አንድ ማመልከቻ ነው። ሁለቱ እኩል ይቆጠራሉ። የቁጥሩ ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ ተስፋውም እዚሁ ላይ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ኢ አይ ኤን ከአይ አር ኤስ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ላለው ሰው በኢንተርኔት በደቂቃዎች ያልቃል። ለዚህ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ድረ ገጾች ሞልተዋልና እንጠንቀቅ። በ2024 የድርጅት ባለቤቶች ለገንዘብ ሚኒስቴር ስማቸውን እንዲያሳውቁ የሚያዘው ሕግ ሥራ ላይ ሲውልም ከወገኖቻችን ብዙዎች ደንግጠው ለሚሞላላቸው ከፍለዋል፤ በመጋቢት 2025 አገር ውስጥ የተመዘገቡ ድርጅቶች ከግዴታው ነጻ ተደርገዋል።

ሁለተኛ፣ "ኤል ኤል ሲ ክፈት" የተባለ ሰው ከመፈረሙ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምር። በአንዱ እንደ ተቀጣሪ፣ በሌላው እንደ ባለቤት፣ ግብሩን፣ መድኑን፣ ነዳጁን፣ ጥገናውንና ሥራ የማይኖርባቸውን ሳምንታት ጽፎ ያወዳድር። ከሁለተኛው ዓምድ ግርጌ የሚቀረው ከመጀመሪያው የማይበልጥ ከሆነ ያገኘው ንግድ ሳይሆን የአሠሪውን ወጪ ነው።

ሦስተኛው ለማኅበሮቻችን ነው። መንግሥት ስለማይቆጥረን ራሳችንን እንቁጠር። በየከተማው ያሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበራት በዓመት አንድ ጊዜ "ስንቶቻችን ከፈትን? ስንቶቻችን ዘጋን? ስንት ሰው ቀጠርን? በምን ገንዘብ?" ብለው ቢጠይቁ ምን ይከብዳል? እድርና እቁብ መዝገብ አያያዝ አስተምረውናል፤ ሰው ሲሞትብን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ የሚጽፍ ሕዝብ ነን። ሱቅ ሲዘጋም መዝግበን ለምን እንደተዘጋ ብንነጋገር፣ ቀጣዩ ወንድም ወይም እኅት ቤታቸውን አስይዘው በዚያው ጉድጓድ አይገቡም ነበር። ችግሩ የዘጋ ሰው አፍሮ ዝም ይላል፤ የከፈተው ብቻ ድግስ ይጠራል። የእኛም ሰንጠረዥ እንደ ሴንሰስ ቢሮው ልደት ብቻ የሚመዘግብ ሆኗል።

በሚቀጥለው ወር አጋማሽ አዲሱ ቁጥር ይወጣል። ጆርጂያ ከፍ ብላ ከሆነ ደስ ይበለን። ሰንጠረዡን ግን ወደ ታች እንውረድበት፤ ደመወዝ ለመክፈል ቀን የቆረጡት ስንት እንደሆኑ እንይ። የሰው እንጀራ የሚጋገረው እዚያ ላይ ነውና።

ቸር ይግጠመን።