«አምናም አይተነዋል» ለምትሉ ወላጆች

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባለው የሐበሻ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ልጅ «ባቡሩን እንይ» ይላል። አባት «አምና አይተነው የለም እንዴ?» ይላል። እናት «ፓርኪንግ አይገኝም፣ ብርዱም ከባድ ነው» ትልበታለች። ከዚያ ልጅ ስልክ ይሰጠውና ሶፋ ላይ ይጋደማል፤ ክርክሩም አበቃ። ጎበዝ፣ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ከእናንተ ጋር ልጣላ ነው። ከልጆቹ ወገን ነኝ።

ስለ የትኛው ባቡር እንደማወራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከካፒቶል ሕንፃ ሥር ዩናይትድ ስቴትስ ቦታኒክ ጋርደን የሚባል፣ ኮንግሬስ በ1820 ያቋቋመው የዕፅዋት ማሳያ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መግቢያው በነፃ ነው። በየዓመቱ ከታንክስጊቪንግ ሰሞን እስከ አዲሱ ዓመት መግቢያ ድረስ ትንንሽ ባቡሮች በድልድይና በዋሻ እየተሹለከለኩ ይዞራሉ። የሊንከን መታሰቢያና ካፒቶሉ ራሱ ከዛፍ ቅርፊት፣ ከዘር፣ ከጥድ ፍሬና ከደረቀ ቅጠል ተሠርተው ይቆማሉ። ነገሩን የጀመረው ፖል ቡሲ የሚባል የኬንተኪ የመሬት ገጽታ አርክቴክት ነው፤ በ1992 የተጀመረው የኒው ዮርክ ቦታኒካል ጋርደን የባቡር ማሳያም የእሱና የድርጅቱ የእጅ ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ጠባችን። የመጀመሪያው ሰበባችሁ «በየዓመቱ ያው ነው» የሚለው ነው። ያው አይደለም። በ2016 የብሔራዊ ፓርኮች መቶኛ ዓመት ነበርና ፓርኮችና ታሪካዊ ቦታዎች ተሠሩ። በ2017 በየአውራ ጎዳናው ዳር መንገደኛን የሚያስቆሙት አስቂኝ ግንባታዎች ተራ ሆነ። በ2018 ከመላው አሜሪካ የተመረጡ የባቡር ጣቢያዎች ቆሙ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ማሳያው ቀረ፤ ሲመለስ ባቡሮቹ ከቤት ውስጥ ወደ ውጪው ግቢ ወጡ። አንድ ጊዜ አይቶ «አውቀዋለሁ» ያለ ሰው ይኼ ሁሉ አምልጦታል።

ደግሞስ ያው ቢሆን ምን አለበት? «ዶሮ ወጥማ አምናም በልተናል» ብሎ ፋሲካን የዘለለ ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደመራም በየዓመቱ ያው ደመራ ነው። በዓል ማለት መመለስ ነው። የአራት ዓመት ልጅ የሚያየው መንኮራኩሩን ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላው ድልድዩ እንዴት እንደቆመ ይመረምራል። በአሥራ ሁለቱ «ይኼን የሠራው ማነው? ገንዘቡን የሚከፍለው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛውን ጥያቄ ለመስማት የፈለገ ወላጅ ሦስቱንም ጊዜ አብሮ መሄድ አለበት።

ሁለተኛው ሰበብ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ አልፈርድም። በበዓል ቀን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ወይም ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ያቺ ታይም ኤንድ ሃፍ የቤት ኪራይ እንደምትሸፍንለት አውቃለሁ። ግን ማሳያው ለሳምንታት ክፍት ነው እንጂ የአንድ ቀን አይደለም። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ትኬት ቆርጦ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ኮንሰርት ላይ የሚቆም ወገን ግን «ጊዜ የለኝም» ሲለኝ አላምነውም። የበዓል መርሐ ግብሮቻችን ለአዋቂ የተሠሩ ናቸው። ልጆቹ ጥግ ላይ ካፖርት ተከናንበው ይተኛሉ።

ሦስተኛው ሰበብ፣ ከሁሉም የሚያናድደኝ፣ «የልጅ መጫወቻ ነው» የሚለው ነው። እስቲ መጫወቻውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። እንዲህ ባሉ የአትክልት ቦታ ባቡሮች የሚዘወተረው ሐዲድ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ኤልጂቢ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1968 የአትክልት ቦታ ባቡሮቹን ሲያወጣ በዚህ ስፋት የተጠቀመው፣ የ1 ሜትር ስፋት ያለውን እውነተኛ ሐዲድ 22.5 ጊዜ አሳንሶ ለማሳየት ነበር። አሁን ልጠይቃችሁ፤ 1 ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ የማን ነበር?

የኛ ነበር! የጅቡቲ–አዲስ አበባው ምድር ባቡር! ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ የወለዳት ከተማ ናት። «ለገሃር» የምንለው ስም «ጣቢያው» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል በኛ አፍ ተገርቶ የወጣ ነው። ጃንሆይ በ1936 ጣልያን አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ወደ ስደት የወጡት በዚሁ ባቡር ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋው ጉዞ በ2000ዎቹ መጨረሻ ቆመ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ሰፊ ሐዲድ ያለው፣ ሌላ ጣቢያ፣ ሌላ ባቡር ነው። በ2018 መጨረሻ፣ እዚህ የአሜሪካ ጣቢያዎች ከዛፍ ቅርፊት በተሠሩበት ሰሞን፣ አዲስ አበባ ላይ የለገሃር አካባቢን የሚለውጥ ትልቅ የግንባታ ዕቅድ ይፋ ሆነ።

እዚህ የተወለደ ልጃችን ከዚህ የትኛውን ያውቃል? ዩኒየን ስቴሽንን ከዛፍ ቅርፊት ተሠርቶ ካየ፣ ለገሃርን ምን አይቶ ይወቅ? አያቱ አዋሽ ጣቢያ ላይ ወርዶ ምሳ የበላበትን መንገድ ማን ያሳየው?

ስለዚህ ወቀሳዬን በሥራ ልቋጨው። የመስመሩ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ 22.5 ጊዜ ቢያንስም ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሁሉን እንሥራ ብሎ ማንም አያብድም። ለገሃር ከነአንበሳው፣ የአዋሽ ድልድይ፣ ድሬዳዋ፣ የጅቡቲ ወደብ፤ አራት ቦታ ይበቃል። ባቡሩና ሐዲዱ ከሱቅ ይገዛል። ለሕንፃዎቹ ቀርከሃ፣ አክርማና የባሕር ዛፍ ፍሬ አለን። የሽቦ መኪና በቆርኪ ጎማ ሠርተን ያደግን ሰዎች «አንችልም» ብንል ማን ያምነናል? በየከተማው የምድር ባቡር ጡረተኞችና ልጆቻቸው አሉ፤ ሲግናሉን፣ ጣቢያውን፣ የሠራተኛውን ፈረንሳይኛ የሚያስታውሱ። እነሱ እያሉ ይጠየቁ።

ቦታው የኮሚዩኒቲው አዳራሽ ይሁን፤ መግቢያው እንደ ቦታኒክ ጋርደኑ በነፃ ይሁን። በየዓመቱ አንድ ጣቢያ ይጨመርበት፤ ልጆቹም «ዘንድሮ የት ደረሰ?» እያሉ ይምጡ። ስለ ቀኑ አንጨቃጨቅም፤ ታኅሣሥ 29 አለልን። ፈረንጅ ባቡሩን ጠቅልሎ ወደ ሣጥኑ ሲመልስ፣ የኛ ገና ገና ነው።